ያገለገለ የናፍጣ ፒክአፕ፤ ዕድሜው በምን ይለካል?

በሀገራችን ፒክአፕ የማይገባበት የሥራ መስክ ጥቂት ነው። ሲሚንቶና ቆርቆሮ ወደ ግንባታ ቦታ፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ወደ ወረዳ፣ ክትባት ወደ ጤና ጣቢያ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ወደ ገበያ ሲጓጓዙ ብዙ ጊዜ የምናየው በዚህ ተሽከርካሪ ጀርባ ላይ ነው። ከእነዚህም መካከል አሥራ አምስትና ሃያ ዓመት ያገለገሉ፣ ከአንድ ባለቤት ወደ ሌላው በተደጋጋሚ የተላለፉ ጥቂት አይደሉም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ ደግሞ ቀድሞ የገባውን ተሽከርካሪ ጠብቆ የማቆየት ጉዳይ የበለጠ ትኩረት የሚሻ ሆኗል።

ያገለገለ ፒክአፕ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የዓመታት ቁጠባውን፣ አንዳንዴም ከዕቁብና ከብድር ያሰባሰበውን ገንዘብ ይዞ ይመጣል። ውሳኔውን የሚሰጠው ግን ብዙ ጊዜ ሁለት ነገሮችን ብቻ ተመልክቶ ነው፤ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ቁጥርና የቀለሙን ማማር። በዚህ ጽሑፍ የናፍጣ ሞተር ጥንካሬ ከየት እንደሚመነጭ፣ በምንስ ምክንያት ያለ ዕድሜው እንደሚያረጅ እንመለከታለን። የተሽከርካሪውን እውነተኛ ዕድሜ የሚወስነው የተጓዘው ርቀት ብቻ ሳይሆን ወደ ሞተሩ የገቡት የአራት ነገሮች፣ ማለትም የአየር፣ የናፍጣ፣ የዘይትና የውሃ ንጽሕና መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን።

የጥንካሬው ምንጭ

ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 በአውግስቡርግ ከተማ በተሳካ ሁኔታ ያስሞከረው ሞተር የተመሠረተው በአንድ ቀላል የተፈጥሮ ሕግ ላይ ነው። አየር በፍጥነት ሲታመቅ ይሞቃል። የብስክሌት ጎማ በእጅ ፓምፕ የነፋ ሰው የፓምፑ ጫፍ ሲግል ይህንኑ ሕግ በእጁ ዳስሶታል። በናፍጣ ሞተር ውስጥ አየሩ ከ16 እስከ 22 እጥፍ ያህል ስለሚታመቅ ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይደርሳል። በዚያች ቅጽበት የሚረጨው ናፍጣ እንደ ቤንዚን ሞተር ካንዴላ ሳያስፈልገው በራሱ ይቀጣጠላል።

ይህን ከፍተኛ ግፊት ለመቋቋም ሲባል የሞተሩ አካል፣ ፒስተኑ፣ ቢየላውና ክራንክ ሻፍቱ ወፍራምና ጠንካራ ተደርገው ይሠራሉ። በደቂቃ የሚሽከረከርበት ፍጥነትም ከቤንዚን ሞተር ያነሰ ነው። «የናፍጣ ሞተር አይሞትም» የሚለው የተለመደ አባባል የመነጨው ከዚህ ነው። ይሁንና አባባሉ የእውነቱን ግማሽ ብቻ ይይዛል። የሞተሩ አካል ጠንካራ ቢሆንም የሚመግቡትና የሚጠብቁት ክፍሎች እጅግ ስስ ናቸው።

ቆጣሪው የማይነግረን

300,000 ኪሎ ሜትር የተጓዙ ሁለት ፒክአፖችን እናወዳድር። አንዱ በሀገር አቋራጭ መንገድ በአማካይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የተጓዘ ነው እንበል። ሞተሩ የሠራው 5,000 ሰዓት ይሆናል። ሌላው በከተማ መጨናነቅ ውስጥ በአማካይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የተጓዘ ከሆነ ሞተሩ 15,000 ሰዓት ሠርቷል ማለት ነው። ቆጣሪው ለሁለቱም አንድ ዓይነት ቁጥር ቢያሳይም የሁለተኛው ሞተር የሥራ ዘመን ሦስት እጥፍ ነው። በዚያ ላይ ዲጂታል ቆጣሪን በአነስተኛ መሣሪያ ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል። በመሆኑም የፔዳሎቹ ላስቲክ ማለቅ፣ የመሪው መላላጥና የወንበሩ መጎድጎድ ከቆጣሪው ይልቅ እውነቱን ሊናገሩ ይችላሉ።

አየር፤ አቧራና ከፍታ

3 ሊትር ይዘት ያለው ሞተር በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲሽከረከር በደቂቃ 3,000 ሊትር ያህል አየር ይስባል። ይህ በሰዓት 180 ሜትር ኩብ ነው፤ ቱርቦ ካለው ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። በጥርጊያ መንገድ ላይ ይህ ሁሉ አየር አቧራ ይዞ ይመጣል። የአየር ማጣሪያው ከተቀደደ ወይም ከማጣሪያው በኋላ ያለው ቱቦ ከላላ፣ ደቃቁ የአሸዋ ብናኝ በፒስተኑ ፋሻና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ገብቶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል። ያን ጊዜ የሚታመቀው አየር ወደ ታች ያመልጣል፤ ጠዋት የማስነሣት ችግር ይመጣል፤ ዘይት መብላትም ይጀምራል።

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ያነሰ ነው። ቱርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር የሚያገኘው ኦክስጅን በዚያው መጠን ስለሚቀንስ፣ የናፍጣ ፓምፑ ለከፍታው ካልተስተካከለ ሳይቃጠል የሚቀረው ነዳጅ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ቱርቦ ያለው ሞተር ይህን ጉድለት በአመዛኙ ያካክሳል። ስለዚህ ባለ ቱርቦ ፒክአፕ የእንጦጦን አቀበት ሲወጣ ጉልበት ካነሰውና ጥቁር ጭስ ከበዛበት፣ ቱርቦውን ወይም የአየር ቱቦዎቹን መመርመር ይገባል።

ናፍጣ፤ የማይክሮን ጉዳይ

በቀድሞዎቹ ሞተሮች፣ ለምሳሌ 3ኤልና 5ኤል በሚባሉት የቶዮታ ሂሉክስ ሞተሮች፣ ናፍጣው በሜካኒካል ፓምፕ ተገፍቶ በመጠነኛ ግፊት ይረጫል። እንዲህ ያለው ሥርዓት ጥቂት ቆሻሻ ይታገሣል፤ ጥገናውም ለአካባቢ ጋራዥ አይከብድም። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ የተስፋፋው ኮመን ሬይል የተባለው ሥርዓት ግን ናፍጣውን እስከ 1,600 ባርና ከዚያም በላይ፣ ማለትም ከከባቢ አየር ግፊት ከ1,600 ጊዜ በላይ አምቆ በኮምፒውተር ትእዛዝ ይረጫል። በዚህ ዘዴ ጉልበት ጨምሯል፤ ጭስና ድምፅ ቀንሷል። በአንጻሩ ግን በኖዝሉ ውስጥ የሚንቀሳቀሱት ክፍሎች የሚለያዩት በጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ያህል መሆኑን ስናስብ ለዓይን የማይታይ ብናኝ እንኳ ምን ያህል እንደሚጎዳ እንረዳለን።

ሁለተኛው ጠላት ውሃ ነው። የፓምፑና የኖዝሉ ክፍሎች የሚለሰልሱት በራሱ በናፍጣው ነው። ውሃ ሲቀላቀልበት ግን የማለስለስ ባሕርዩን ያጣል፤ ብረቱም ይዝጋል። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ናፍጣም ቅባትነቱ ስለሚያንስ ተመሳሳይ ጉዳት ያስከትላል። የናፍጣ ማጣሪያውን በወቅቱ መቀየርና ከሥሩ የተጠራቀመውን ውሃ ማፍሰስ እጅግ ርካሽ ከሆኑት ጥንቃቄዎች አንዱ ሲሆን፣ ቸልታው ግን የፓምፕና የሙሉ ኖዝል ወጪ ሊያስከትል ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ሞተሩ እየሠራ ከኮመን ሬይል መስመር የሚያፈተልክ ናፍጣን በእጅ መዳሰስ ፈጽሞ አይገባም፤ ግፊቱ ቆዳን ዘልቆ ለከባድ ጉዳት ያጋልጣል።

ዘይት፤ ትንሿ ቀለበት የምታደርሰው ጥፋት

የናፍጣ ሞተር ዘይት በጥቂት ቀናት ውስጥ መጥቆሩ ብቻውን ብልሽት አይደለም፤ ዘይቱ ጥላሸቱን አጥቦ በውስጡ መያዙን ያሳያል። አደጋው የሚመጣው የመያዝ ዐቅሙ ሲያልቅና ወደ ዝቃጭነት ሲለወጥ ነው። በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊሽከረከር የሚችለው የቱርቦ ዘንግ ብረት ከብረት እንዳይነካካ የሚያደርገው የዘይት ስስ ሽፋን ብቻ ነው። ረጅም አቀበት የወጣን ሞተር ወዲያው ከማጥፋት ይልቅ ለአንድና ለሁለት ደቂቃ ያለ ጭነት ማሠራት የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው።

በእ.ኤ.አ. 2004 በወጣው የሂሉክስ ትውልድ ውስጥ የተገጠመው ባለ 3 ሊትሩ 1ኬዲ ሞተር ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይሆነናል። በእያንዳንዱ ኖዝል ሥር የቃጠሎውን ጋዝ የምታሽግ የመዳብ ቀለበት አለች። ቀለበቷ ስትዳከም ትኩሱ ጋዝ ጥላሸት ይዞ ወደ ሞተሩ የላይኛው ክፍል ያፈተልካል። ጥላሸቱ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ ዝቃጭ ይሆናል፤ ዝቃጩም በዘይት መያዣው ሥር ያለውን የመሳቢያ ወንፊት ይደፍናል። ከዚያ በኋላ ፓምፑ ዘይት መሳብ ያቅተውና ሞተሩ ይነክሳል። እንግዲህ ዋጋዋ ከሞተሩ ዋጋ ጋር ሊነጻጸር የማይችል ቀለበት ሙሉ ሞተር ልታጠፋ ትችላለች። እንዲህ ያለ ሞተር የሚገዛ ሰው ቀለበቶቹ መቼ እንደተቀየሩና ወንፊቱ ታይቶ እንደሆነ መጠየቅ አለበት። የታይሚንግ ቀበቶውም ሊዘነጋ አይገባም። ቀበቶው ሲበጠስ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉና የተቀየረበት ማስረጃ ከሌለ እንዳልተቀየረ መቁጠር ይሻላል።

ውሃ፤ በደጋ የሚጠበው ርቀት

ውሃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ይፈላል። በአዲስ አበባ ከፍታ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የሞተሩ ውሃ በመደበኛ ሥራ ላይ ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ያህል እንደሚሞቅ ስናስታውስ ችግሩ ወለል ብሎ ይታየናል፤ ውሃው ሥራውን የሚሠራው በመፍያው ነጥብ ላይ ነው ማለት ነው። ከዚህ የሚያድነን የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ግፊቱን አፍኖ በመያዝ የመፍያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል። ክዳኑ ሲላላ ይህ ሁሉ ጥበቃ ይጠፋል።

ውሃው ሲፈላ እንፋሎቱ ከብረቱ ሙቀትን በሚገባ መውሰድ ስለማይችል ቴስታታው ያለ ልክ ይግላል። በብዙ ዘመናዊ ሞተሮች ቴስታታው ከአሉሚኒየም፣ ብሎኩ ከብረት የተሠራ ነው። ግማሽ ሜትር የሚረዝም አሉሚኒየም በ100 ዲግሪ ተጨማሪ ሙቀት 1.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲለጠጥ፣ ብረቱ የሚለጠጠው 0.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ይህ ልዩነት ቴስታታውን ያጣምማል ወይም ይሰነጥቃል፤ በመካከል ያለውን ማሸጊያም ያቃጥላል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ወርዶ እስከ ደጀን ከነጭነቱ የሚወጣ ፒክአፕ የዚህን ሥርዓት ብርታት በሚገባ ይፈተናል። በየጊዜው የቧንቧ ውሃ ብቻ መጨመርም ዝገትና ደለል ስለሚያመጣ የተወሰነለትን ማቀዝቀዣ ፈሳሽ መጠቀም ይገባል።

አዳዲሶቹ መሣሪያዎች

የአካባቢ ብክለትን ለመቀነስ ሲባል በቅርብ ዘመን ሞተሮች ላይ ሁለት መሣሪያዎች ተጨምረዋል። አንደኛው የጭሱን ከፊል ወደ ሞተሩ መልሶ የሚያስገባ ቫልቭ ሲሆን፣ ጥላሸቱ ከጊዜ በኋላ የአየር መግቢያውን ያጠብበዋል። ሁለተኛው ጥላሸትን በጭስ ማውጫው ላይ የሚያጠራቅም ማጣሪያ ነው። ይህ ማጣሪያ የያዘውን ለማቃጠል 600 ዲግሪ ያህል ሙቀት ይሻል፤ በአጭር የከተማ ጉዞ ብቻ ግን ይህን ሙቀት ማግኘት ያዳግታል። የጉዳዩን ክብደት ለመረዳት የአውስትራሊያን ምሳሌ መጥቀስ ይቻላል። በእ.ኤ.አ. 2022 የሀገሪቱ ፌደራል ፍርድ ቤት ከ2015 እስከ 2020 የተሸጡ፣ ሂሉክስን የሚጨምሩ ከ260,000 በላይ የቶዮታ ናፍጣ ተሽከርካሪዎች በዚሁ የማጣሪያ ሥርዓት ጉድለት የተነሣ ተገቢውን ጥራት እንዳላሟሉ ወስኗል። ስለሆነም ለሌላ ሀገር ገበያ የተሠራ ፒክአፕ የሚገዛ ሰው ማጣሪያው መኖር አለመኖሩን፣ ካለም በትክክል መሥራቱን ማጣራት ይኖርበታል።

ከመግዛት በፊት

እስካሁን ያየነውን ወደ ተግባር ስንመልሰው የሚከተለው ቅደም ተከተል ይገኛል። ሞተሩን ሳይሞቅ፣ ቢቻል በማለዳ እንመልከተው፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ የሚጠብቀን ከሆነ ሌላ ቀን መቅጠር ይሻላል። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተን ዝገት ወይም ዘይት መኖሩን እንይ፤ ሞቆ ሳለ መክፈት ግን ለቃጠሎ ያጋልጣል። ከዚያ አስነሥተን ጭሱን እናንብብ። ጥቁር ጭስ የአየር ማነስን ወይም የነዳጅ መብዛትን፣ ሰማያዊ ጭስ የዘይት መቃጠልን ያመለክታል፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ደግሞ ያልተቃጠለ ናፍጣን ወይም ወደ ሲሊንደር የገባ ውሃን ይጠቁማል። የዘይት መሙያውን ክዳን ስናነሣ ጭስ በኃይል ከተተፋ ፋሻዎቹ አልቀዋል ወይም የኖዝል ቀለበቶቹ አፈትልከዋል፤ ክዳኑ ሥር ወተት የመሰለ ቅባት ካለ ደግሞ ውሃ ከዘይት ጋር ሳይቀላቀል አልቀረም።

ቀጥሎ ከተሽከርካሪው ሥር እንግባ። ከመጠን በላይ መጫን የሚተወው ጠባሳ በባሌስትራውና በሻንሲው ላይ ይነበባል። በተለይ ባሌስትራው ከሻንሲው ጋር በሚያያዝበት ቦታ ስንጥቅ ወይም አዲስ ብየዳ መኖሩን መመርመር፣ የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥርም ከሊብሬው ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል። በመጨረሻም በአቀበት ላይ ነድተን የሙቀት መለኪያውን እንከታተል።

ከ400,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ጤነኛ ሞተር ማግኘት እንደሚቻል ሁሉ ከ120,000 ኪሎ ሜትር በኋላ የተጎዳ ሞተር መግዛትም ይቻላል። ልዩነቱን የሚፈጥሩት ማጣሪያ፣ ዘይት፣ የራዲያተር ክዳንና የመዳብ ቀለበትን የመሳሰሉ ርካሽ ነገሮች በወቅታቸው መቀየራቸው ወይም መዘንጋታቸው ነው። ስለዚህ ገዢው «ስንት ኪሎ ሜትር ሄዷል?» ከሚለው ጥያቄ አስቀድሞ «ምን ሲጠጣና ምን ሲተነፍስ ኖረ?» ብሎ ቢጠይቅ ገንዘቡንም ሆነ በዚያ ተሽከርካሪ ላይ የሚመሠርተውን መተዳደሪያ ከብዙ ኪሳራ ያድናል።