በየ2 ደቂቃው አንዲት ልጅ

በዓለም ዙሪያ 100 ሴቶች ሲወለዱ 105 ገደማ ወንዶች ይወለዳሉ። ወንዱ በቁጥር ይብለጥ እንጂ በጥንካሬ ያንሳል። ያለጊዜው ከተወለደ ሳንባው ቶሎ አይጠነክርም፤ ኢንፌክሽንም ይበረታበታል። ኢትዮጵያን ጨምሮ በአብዛኛው ዓለም አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ከሚሞቱት ሕፃናት ወንዶቹ የሚበዙት ለዚህ ነው።

ሕንድ ውስጥ ግን ይህ የተፈጥሮ ሕግ ለብዙ ዓመታት ተገልብጦ ኖሯል።

እ.ኤ.አ. በ2018 «ላንሴት ግሎባል ሄልዝ» መጽሔት አንድ ጥናት አወጣ። አጥኚዎቹ የቆጠሩት የሞቱትን ሴት ልጆች በሙሉ አልነበረም። አድልዎ በሌለበት አገር ቢወለዱም ሊሞቱ ይችሉ የነበሩትን ቀንሰው፣ ሴት በመሆናቸው ብቻ የተቀጠፉትን ለዩ። ከ2000 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት፣ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው በየዓመቱ 239,000 ልጆች!

ይህን ቁጥር ዓይን እንዳነበበው ያልፈዋል፤ እስቲ እናካፍለው። በቀን 655 ገደማ ይመጣል፤ አንድ ትምህርት ቤት ሙሉ ልጅ እንደማለት ነው። በሰዓት 27። በየ2 ደቂቃ ከ12 ሰከንዱ አንዲት ልጅ። በዚሁ መጠን በ10 ዓመት ወደ 2.4 ሚሊዮን ይደርሳል። ጾታቸው በአልትራሳውንድ ታይቶ ሳይወለዱ የቀሩት በዚህ ውስጥ የሉም፤ እነርሱ ሌላ ሂሳብ ናቸው።

ከሁሉ የሚያስደነግጠኝ የአሟሟታቸው ነገር ነው። አብዛኞቹን በእጁ የገደላቸው የለም። ሴት የወለደች እናት ወንድ ልጅ ቶሎ እንድትደግም ስለሚፈለግ፣ ጡት ማጥባት ደግሞ እርግዝናን ስለሚያዘገይ፣ ልጅቷ ከጡት ቀድማ ትለያለች። ንጹሕ ውኃ በሌለበት ቤት ጡት የተወች ሕፃን ለተቅማጥ ትጋለጣለች። ክትባቱ ለወንድሟ ሲደርስ እርሷን ያልፋታል፤ ስትታመምም ሐኪም ዘንድ የምትወሰደው ዘግይታ ነው። እያንዳንዱ ውሳኔ ለየብቻው ሲታይ ትንሽ ነው፤ በሚሊዮን ቤት ሲደጋገም ግን ያንን ቁጥር ያመጣል። ሴት በመሆናቸው ብቻ ከደረሰው ከዚህ ሞት ሁለት ሦስተኛው የተከሰተው ኡታር ፕራዴሽ፣ ቢሃር፣ ራጃስታንና ማድያ ፕራዴሽ በተባሉት አራት ግዛቶች ነው፤ የእናቶች ትምህርት ዝቅተኛ፣ የሚወልዱት ልጅም ብዙ በሆነበት አካባቢ።

ዛሬ ነገሩ ተሻሽሏል፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። በ2020 የሕንድ መንግሥት አኃዝ፣ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት አንድ ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት 28 ነበሩ፤ በወንድም 28፣ በሴትም 28። ይህ እኩልነት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን አልተዋጠልኝም፤ ሴቷ በተፈጥሮዋ ከወንዱ በሕይወት የመትረፍ ዕድሏ የሰፋ ስለሆነ፣ የሴቶቹ ቁጥር ከወንዶቹ በታች መሆን ነበረበት። በዚያው ዓመት ከአምስት ዓመት በታች ያለው ሞት ደግሞ ከ1,000 ለወንዶቹ 31፣ ለሴቶቹ 33 ነበር። ሴት ልጆች ዛሬም የሚገባቸውን አላገኙም።