ባቡር የተወው መንገድ

አንባቢ ሆይ! በኒው ዮርክ ከተማ፣ በማንሃታን ምዕራብ በኩል ስታልፍ ቀና ብትል፣ በብረት ምሰሶ ላይ የቆመ የአትክልት ሥፍራ ታያለህ። ስሙ ሃይ ላይን ይባላል።

ቀድሞ በዚያ ሠፈር የጭነት ባቡር የሚሄደው በጎዳናው፣ በሕዝቡ መካከል ነበር። ብዙ ሰው ስለ ገደለ አሥረኛው ጎዳና «የሞት ጎዳና» እስከ መባል ደረሰ፤ ቀይ ባንዲራ የያዙ ፈረሰኞችም ከባቡሩ ፊት እየቀደሙ መንገደኛውን ያስጠነቅቁ ነበር። ስለዚህ በ1934 (እ.ኤ.አ.) ባቡሩ ከጎዳናው በላይ በተሠራ ሐዲድ መሄድ ጀመረ። ሥጋና ወተት ሲያመላልስ ኖሮ፣ የጭነት መኪና ሥራውን ቢወስድበት በ1980 ቆመ።

ከዚህ በኋላ ነፋስ ባመጣው ዘር ሣርና አበባ በሐዲዱ መካከል በቀለ። የመሬት ባለቤቶች ይፍረስ ሲሉ፣ በ1999 ሁለት የሠፈሩ ነዋሪዎች እንዳይፈርስ ማኅበር አቋቋሙ። በ2009 ለእግረኛ ተከፈተ፤ ዛሬ 2.3 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል።

ነገር ግን ውበቱ ባለሀብትን ጠራ፤ በዙሪያው ውድ ሕንፃዎች ተሠሩ፣ የቤት ዋጋም ናረ። ከመሥራቾቹ አንዱ፣ ለጎረቤት ድኾች የሚገባውን እንዳላደረጉ በ2017 ራሱ አመነ።

የለገሐሩ አሮጌ ባቡር የቆመብን እኛም ከዚህ እንማር። ያረጀ ሁሉ አይጣልም፤ ስታድሰው ግን ለማን እንደምታድሰው አስቀድመህ ጠይቅ።