ከባሕር ማዶ የመጣ አናጢ በባሌ ደጋ

የእንጨት ሥራ በዓለም ሁሉ የታወቀ ሞያ ነው፤ እንጨቱ ግን እንደ አገሩ ይለያያል። ስለዚህ ከባሕር ማዶ የመጣ አናጢ በጎባ ወይም በሮቤ ከአገሩ ባለሞያዎች ጋራ ለመሥራት ቢፈልግ፥ ምንም እጁ የሠለጠነ ቢሆን፥ አስቀድሞ ተማሪ መሆን ይገባዋል። ይህም ውርደት አይደለም፤ ምክንያቱም እንደሚከተለው ነው።

መጀመሪያ የሚማረው የዛፎቹን ስምና ጠባይ ነው። በባሌ ደጋ አንዱ ዛፍ በአማርኛና በኦሮምኛ ሁለት ስም አለው፤ ጥድ ሂንዴሳ፥ ኮሶ ሄጦ፥ ዝግባ ቢርቢርሳ፥ ዋንዛ ዋዴሳ ይባላል። ሁለቱን ስም ያልለየ እንግዳ አንዱን እንጨት ፈልጎ ሌላውን ሊገዛ ይችላል። ጥድ መልካም ሽታ ያለውና ምስጥ ቶሎ የማይደፍረው ነው፤ በምሥራቅ አፍሪካም የእርሳስ መሥሪያ ሆኖ አገልግሏል። ዝግባ ለመላጊያ ይታዘዛል፤ ነገር ግን ከዝናብና ከምስጥ ካልተጠበቀ አይበረክትም። ዋንዛ ለመሥራት የለዘበ ሲሆን ዕድሜው ረጅም ነው።

ሁለተኛ የሚማረው የአየሩን ነገር ነው። እርጥብ እንጨት ውኃው ሲወጣ በቁመቱ እምብዛም ሳያጥር በወርዱ ይኰማተራል፤ ስለዚህ ሳይደርቅ የተሠራ በር ይጣመማል፥ ይሰነጠቃልም። በአውሮፓ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን ሳንቃ አንድ ዓመት ማድረቅ የቆየ ልማድ ነው። ሮቤ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል፥ ጎባም 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያሉ ናቸውና፥ ዝናቡና የበጋው ንፋስ ሌላ ነው። እንግዳው ሳንቃውን በጥላ ሥር፥ በየመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገባ መደርደርን ያውቅ ይሆናል፤ ስንት ወር እንደሚቆይ ግን የሚነግረው በዚያው አገር የሠራ ሽማግሌ ነው።

ሦስተኛ የሚማረው ምን መቍረጥ እንደማይገባ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን፥ ጥድን፥ ዝግባንና ዋንዛን በስማቸው ጠርቶ ከመንግሥት ደን እንዳይቈረጡ ከልክሎ ነበር። የባሌ ተራራ ውኃ በዋቢ ሸበሌና በገናሌ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ እንግዳው የእንጨቱን መልክ ብቻ አይቶ ብዙ ገንዘብ ቢከፍልበትና ደኑ ቢመነጠር፥ ጕዳቱ ከባሌ አልፎ ለቆላው ሰው ይተርፋል። እጅን ለማለማመድ የሚሻለው ባሕር ዛፍ ነው። እርሱም እንደ ስሙ ከባሕር ማዶ፥ ከአውስትራልያ፥ በአጼ ምኒልክ ዘመን በ1880ዎቹ ዓ.ም. የገባ እንግዳ ነው። ሲደርቅ መሰንጠቅና መጣመም ቢያበዛም ቶሎ ያድጋል፤ ለቤት ሠሪውም ማገርና ወራጅ ሆኗል።

ተቀባዩም በበኩሉ ግዴታ አለበት። የጃፓን አናጢ መጋዙን ወደ ራሱ ስቦ ይቈርጣል፤ የእኛና የአውሮፓ አናጢ ግን ወደ ፊት ገፍቶ ይቈርጣል። ስለ ልማዱ እንግዳውን የሚስቅበት ሰው ከእርሱ ሊማር የሚችለውን ያጣል። ቀድሞ በአገራችን እጀ ጠቢብን መናቅ ልማድ ሆኖ ስለ ነበረ፥ አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሞያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አወጡ። የገዛ ባለሞያውን የናቀ አገር እንግዳ ባለሞያን አክብሮ ለመቀበል አይችልም።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፥ እናንተም ነገ ወደ ሌላ አገር ብትሄዱ መጀመሪያ ስሙን ጠይቁ፥ ቀጥሎ እጅን ተመልከቱ፥ ከዚያ በኋላ የራሳችሁን አሳዩ። ወደ እናንተም እንግዳ ቢመጣ የምታውቁትን አትደብቁ፤ ሞያ ሲያካፍሉት የሚበዛ ሀብት ነውና።