በእንግሊዝኛ በትሕትና መጠየቅ

በማታው የጎልማሶች ትምህርት ላይ አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። እንዲህም አሉኝ፤ «አስተማሪ፣ ልጄ 9ኛ ክፍል ገባች። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው ትለኛለች። እንግሊዝኛ ደግሞ ‹አንተ›ን ከ‹እርስዎ› አይለይም አሉ። ታዲያ ልጄ ሰው ማክበሩን ልትረሳው ነው?»

ጥያቄው የብዙ ወላጅ ጥያቄ ነው። ስለዚህ መልሱን ሁላችንም እንወቀው።

እውነት ነው፤ እንግሊዝኛ አንተን፣ አንቺን፣ እርስዎንና እናንተን «ዩ» በምትባል አንዲት ቃል ይጠራል። ከ400 ዓመት በፊት ለቅርብ ሰው የሚባል «ዛው» የሚል ቃልም ነበረው። እሱ እየቆየ ከተራው ንግግር ወጣ። የቀረው የአክብሮቱ ቃል «ዩ» ነው። ግን ለትልቁም ለትንሹም ስለሚባል አክብሮቱ አይለይም። ታዲያ አክብሮት በምን ይታያል? አንዱ መንገድ በአጠያየቅ ነው።

እኛ ሰው ቤት ስንደርስ ዘው ብለን አንገባም። ደጅ ቆመን «ቤቶች!» እንላለን። እንግሊዝኛም ለጥያቄ እንዲህ ያለ መግቢያ አለው። «ኩድ ዩ ቴል ሚ» ይባላል። «ሊነግሩኝ ይችላሉ?» ማለት ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። ክሊኒክ የሚፈልግ ሰው በቀጥታ ሲጠይቅ፣

«ዌር ኢዝ ዘ ክሊኒክ?» ይላል። ክሊኒኩ የት ነው? ማለት ነው።

በትሕትና ሲጠይቅ ግን፣

«ኩድ ዩ ቴል ሚ ዌር ዘ ክሊኒክ ኢዝ?» ይላል። ክሊኒኩ የት እንደሆነ ሊነግሩኝ ይችላሉ? ማለት ነው።

«ኢዝ» የምትለውን ቃል እንመልከት። «ነው» ማለት ናት። በመጀመሪያው ጥያቄ ከ«ክሊኒክ» ፊት ነበረች። በሁለተኛው ወደ ኋላው ሄደች። ዋናው ሕግ ይህ ነው። ብዙ ተማሪ መግቢያውን ይጨምርና «ኢዝ»ን ከቦታዋ ሳያነሣ ይቀራል። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። እኛም ብንሆን «የት ነው ሊነግሩኝ ይችላሉ?» አንልም። «ነው» የሚለው «እንደሆነ» ይሆናል። እኛ ቃሉን እንለውጣለን፤ እነሱ ቦታውን ይለውጣሉ።

መልሱ «አዎ» ወይም «የለም» የሆነ ጥያቄስ? «ደዝ ዘ ባስ ሊቭ ቱዴይ?» ሲባል አውቶቡሱ ዛሬ ይነሣል? ማለት ነው። በትሕትና ሲሆን፣

«ኩድ ዩ ቴል ሚ ኢፍ ዘ ባስ ሊቭዝ ቱዴይ?» ይባላል። አውቶቡሱ ዛሬ ይነሣ እንደሆነ ሊነግሩኝ ይችላሉ? ማለት ነው። እዚህ ላይ «ደዝ» ትወጣለች፤ «ኢፍ» ትገባለች። የ«ደዝ» መጨረሻ «ዝ» ግን አትጠፋም። «ሊቭ» ላይ ትቀጠልና «ሊቭዝ» ይሆናል።

ቤት ሲቃጠል ግን ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» የሚል የለም። በችግር ጊዜ በቀጥታ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ለእኒያ አባት የሰጠኋቸው መልስ ይኸው ነበር። «ልጅዎ ማታ ስታጠና ያዳምጧት። ‹ኩድ ዩ ቴል ሚ ዌር› ካለች ‹ኢዝ›ን የት እንዳስገባቻት ልብ ይበሉ። ከኋላ ካስገባቻት ትምህርቱም ገብቷታል፤ ሰው ማክበሩንም አልረሳችም።»

ጥያቄዎች

1. «ዌር ኢዝ ዘ ስኩል?» ትምህርት ቤቱ የት ነው? ማለት ነው። በትሕትና እንዴት ይጠየቃል?

2. በአካባቢያችሁ ትልቅ ሰው መንገድ ሲጠየቅ በምን ቃል ይጀመራል?