ዶርም ውስጥ የሚደበቅ እግር

በወላይታ በዴሳ የልዩ ፍላጎት መምህር ነኝ። ሥራዬ ተማሪው አሥራ ሁለተኛን ሲጨርስ የሚያበቃ ይመስላል፤ አያበቃም። የዩኒቨርሲቲ ምደባ ሲወጣ ወላጆች ምክር ፍለጋ ይመጣሉ፤ ልጆቹ ከሄዱ በኋላም ከየግቢው ይደውሉልኛል። ማየት የተሳናቸው ልጆች የሚነግሩኝ ችግር ቀላል አይደለም። መምህሩ የሰጠው ሀንድአውት ስካን የተደረገ ከሆነ የስልካቸው ማንበቢያ አንድ ቃል አያወጣላቸውም። ዩኒኮድ ባልሆነው በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ አማርኛ ከሆነ ደግሞ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ይደረድርላቸዋል። ቢሆንም ነጭ ዘንግ የያዘ ተማሪ ግቢ ሲገባ ሰው ያየዋል፤ የሚሄድበትን ቢሮም ይጠቁመዋል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስቡኝ ዝሆኔ ያለባቸው ልጆች ናቸው።

የወላይታን ቀይ አፈር የምታውቁ በሽታውንም ታውቁታላችሁ። ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል፤ ስሙን ያወጣለት በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። ትንኝ ከሚያስተላልፈው ዝሆኔ የተለየ ነው። በባዶ እግር ዓመታት ሲረገጥ የኖረ አፈር ውስጥ ያሉ ደቃቅ ማዕድናት በቆዳ ገብተው እግርን ያሳብጣሉ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በአሥራዎቹና በሃያዎቹ ዕድሜ ነው፤ ልጁ ለዩኒቨርሲቲ በሚዘጋጅበት ወቅት ማለት ነው። እንክብካቤው ውድ አይደለም፦ እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ ካልሲና ልክ የሆነ ጫማ ማድረግ፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ።

ይህ ሁሉ ቤት ውስጥ ይቻላል። ዶርም ውስጥ ግን አስቡት። ስድስት ሆነው በሚኖሩበት ክፍል፣ መታጠቢያው የጋራ በሆነበት፣ ውኃ አንዳንዴ ሌሊት ብቻ በሚመጣበት ቦታ፣ እግሯን ለማንም ማሳየት የማትፈልግ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ የት ትታጠብ?

አንዲት ተማሪዬ እንዲህ ነበር የሆነችው። መጀመሪያ ሰው እስኪተኛ እየጠበቀች ትታጠብ ነበር። እንቅልፍ አጣች። ከዚያ የካፌ ሰልፍ ላይ መቆም አቅቷት ምሳ መዝለል ጀመረች፤ ቀጥሎ ሽታ ይኖረኛል ብላ ከሰው መካከል መቀመጥ ተወች፤ በኋላም ክፍል መግባት። እግሯ ቆስሎ ትኩሳት ሲይዛት ክሊኒክ ሄዳ መድኃኒት ተሰጣት። ለምን ቀኑን ሙሉ እንደምትተኛ፣ ለምን እንደማትበላ የጠየቃት አልነበረም። የእግሩ ነገር በአንድ በር፣ የልቡ ነገር በሌላ በር የሚታይ ሆኖ ነው እንጂ ልጅቷ አንዲት ናት።

«ቲቸር፣ ልመጣ ነው» አለችኝ በስልክ።

«ነይ፤ ግን የዊዝድሮው ወረቀት ሳትሞይ ከግቢ እንዳትወጪ» አልኳት።

ይህቺ ወረቀት እጅግ ትልቅ ነገር ናት። በሕመም ምክንያት በደንቡ መሠረት ትምህርቱን ያቋረጠ ተማሪ ሪአድሚሽን ጠይቆ የመመለስ መንገድ አለው። ዝም ብሎ አውቶቡስ የተሳፈረ ግን ፈተና ያልተፈተነ፣ ከክፍል የጠፋ ሆኖ ይመዘገባል። እግሩ የተሰበረ ተማሪ ይህን ወረቀት ለመሙላት አያፍርም። ድብርት የያዘው ግን ታምሜያለሁ ብሎ አያስብም፤ ሰነፍኩ ብሎ ነው የሚያስበው። ስለዚህ ሳይሞላ ይመጣል፤ ሰፈሩም «ተባሮ መጣ» ይለዋል።

ለምን ቀድመው እንደማይናገሩ ይገባኛል። ከ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። እንዲህ ባለ ወንፊት ያለፈን ልጅ መንደሩ በሙሉ በጉጉት ይከተለዋል። ደክሞኛል ማለት ለእሱ የእናቱን ደስታ መንጠቅ ነው።

ልጅቷ ቤቷ ስትመለስ እናቷ መጀመሪያ ጸሎት ቤት ወሰዷት። ደግ አደረጉ፤ በዚያ ያቀፏት ሰዎች ሲያበሏትና ሲያጫውቷት ሰንብተዋል። እኔ የጨመርኩት ሶዶ ሄደው ሐኪም ዘንድ እንዲቀርቡ ነው፤ ለእግሯም፣ ለድብርቷም። እናትየው «ለሐዘንም መድኃኒት አለው?» ብለው ጠየቁኝ። ሕክምና እንዳለው፣ ንግግርም ክኒንም እንደሚሆን ነገርኳቸው፤ ሄዱ።

ሕጉ ለእንዲህ ያለችው ልጅ ጠባብ አይደለም። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ለረጅም ጊዜ የሚቆይ የአካልም የአእምሮም ጉዳትን ያቅፋል። ጠባብ የሆነው የእኛ ዓይን ነው፤ አካል ጉዳተኛ ሲባል ዘንግ፣ ክራንችና ዊልቸር ብቻ ይታየናል። ዝሆኔ በካልሲ ይሸፈናል፣ ድብርት በብርድ ልብስ።

አሁን ከበዴሳ የሚሄዱ ተማሪዎቼን ደብዳቤ አስይዛለሁ። የሕመሙን ስም ብቻ አልጽፍም፤ የሚያስፈልገውን እዘረዝራለሁ፦ ምድር ቤት ያለና ለውኃ ቅርብ የሆነ ዶርም፣ የሚቆለፍ መታጠቢያ፣ ከካፌ ሰልፍ ነፃ መሆን፣ ፈተና ላይ እግር ማሳረፊያ፣ በወር አንዴ ከአማካሪ ጋር መገናኘት። ተማሪው ፈቅዶ ካልፈረመበት አይላክም። ተሸማቆ «ይቅርብኝ» የሚለኝ አለ፤ እሱን አላስገድደውም፤ ስልኬን ይዞ ይሄዳል።

ግቢዎቹን የምለምነው አንድ ነገር ነው። በምዝገባ ቀን ለእያንዳንዱ አዲስ ገቢ፣ ጤነኛ ለሚመስለውም ጭምር፣ ለብቻው «ዶርም ውስጥ ምን ያስቸግርሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። ሁሉም ከተጠየቀ የተለየ ሰው የለም፤ ልጆቻችንም መልስ ይሰጣሉ። ለወላጆች ደግሞ፦ ልጃችሁ «ልመጣ ነው» ካለ ከመቆጣታችሁ በፊት ወረቀቱን መሙላቱን ጠይቁ። ካልሞላ ገና ግቢ ውስጥ ሳለ ወደ ክሊኒኩና ወደ ሬጅስትራር እንዲሄድ አድርጉ፤ መሄድ ካቃተው አንድ ዘመድ ሄዶ አብሮት ይቁም።