ክሽክሽ ለምን ከውኃ ይተርፋል? ሳሙናስ ለምን ይገድለዋል?

በሁዳዴ አጋማሽ ቤተሰብ ልጠይቅ ጎንደር ሄጄ ገና ጓሮ ስገባ፣ እማዬ የጎመን ቅጠል ገልብጣ አሳየችኝ። የቅጠሉ ጀርባ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ጠጋ ብዬ ሳይ ግን ዱቄቱ ይንቀሳቀሳል። የጎመን ክሽክሽ ነው።

ጾም ነው፣ ጎመኑ ደግሞ የቤቱ ወጥ ነው። ጎረቤታችን አዝነውላት በውኃ ፕላስቲክ የተገለበጠ መድኃኒት ሰጥተዋታል፤ አፍንጫ የሚሰነፍጥ፣ አንዲት ፊደል ያልተጻፈበት። "ዛሬ ልርጨውና እሑድ እንቀነጥሰዋለን" አለችኝ።

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው፣ ስለ ተባይ ብዙም አላውቅም ነበር። ያ ጠርሙስ ግን አስፈራኝ። የፀረ-ተባይ መድኃኒት ዋናው ነገር ጽሑፉ ነው እኮ! ለየትኛው ሰብል እንደሚሆን፣ በስንት ሊትር እንደሚበጠበጥ፣ ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ሳይቀነጠስ መቆየት እንዳለበት የሚነግረን እሱ ነው። እንደ ማላታዮን ያሉት መድኃኒቶች ነፍሳትን የሚገድሉት በነርቭ ውስጥ መልእክት ካለፈ በኋላ ምልክቱን የሚያጠፋውን ኢንዛይም በማሰር ነው። ያው ኢንዛይም በእኛም ሰውነት ውስጥ አለ። በዚያ ላይ የእህቴ ልጅ 4 ዓመቷ ነው፤ ውኃ የምትጠጣውም እንደዚያ ካለ ጠርሙስ ነው። "እማዬ፣ እስቲ እሱን ተይውና አንድ ነገር ልሞክር" አልኳት።

መጀመሪያ ንጹሕ ውኃ ረጨሁ። ውኃው እየተንከባለለ ወረደ፤ ክሽክሾቹ ደረቅ እንደሆኑ ቀሩ። የውኃ ሞለኪውሎች እርስ በርስ በኃይል ይሳሳባሉ። ስለዚህ የውኃው ገጽ እንደተወጠረ ስስ ሽፋን ይሆናል። ይህ የገጽ ውጥረት በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በሜትር 72 ሚሊኒውተን ገደማ ነው። የጎመን ቅጠል ሰም አለው፤ ያ ዱቄት የመሰለውም የክሽክሹ የራሱ ሰም ነው። ውኃ ደግሞ ሰምን አይወድም፣ እንክብል ብሎ ይሸሻል። ነፍሳት የሚተነፍሱት በጎናቸው ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስለሆነ፣ የተወጠረ ውኃ ወደዚያ በቀላሉ አይገባም።

ሳሙና ሲገባበት የገጽ ውጥረቱ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ቤታችሁ ሞክሩት፦ በደረቅ የጎመን ቅጠል ላይ አንድ ጠብታ ንጹሕ ውኃ፣ አጠገቡ አንድ ጠብታ የሳሙና ውኃ አኑሩ። አንዱ እንደ ዶቃ ይቆማል፣ ሌላው ይነጠፋል። የሳሙናው ውኃ በክሽክሹ ሰውነት ላይም እንዲሁ ይነጠፋል፣ ሰሙን ያጥባል፣ የሴሎቹን ሽፋን ይጎዳል። ክሽክሹ ታፍኖና ደርቆ ይሞታል።

በነገራችን ላይ እንዶድም አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የሚባል ሳሙና መሰል ንጥረ ነገር ስላለው ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ቦታ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ነው ያንን ታላቅ የቢልሃርዚያ ምርምር የጀመሩት። እንዶድ ግን ዓሣም ይገድላልና ለጓሮ ሙከራ አልመርጠውም።

የእኔ የመጀመሪያ ሙከራ ተበላሸ። እጄ ላይ የተገኘውን የልብስ ማጠቢያ ዱቄት አብዝቼ በጥብጬ በቀትር ፀሐይ ረጨሁት፤ በማግስቱ የሁለት ጎመን ቅጠሎች ጫፋቸው ተቃጠለ። እማዬ ምንም አላለችም፣ ጠርሙሱን ብቻ አየት አደረገችው። የዱቄቱ ሳሙና በኬሚስትሪው ከደረቁ ሳሙና ይለያል፣ ቅጠልም ይጎዳል። ሁለተኛው ዙር ላይ ባለ 200 ግራም ደረቅ ሳሙና አንድ ሃያኛውን፣ ማለትም 10 ግራም ያህል ፈቅፍቄ በአንድ ሊትር ውኃ አሟሟሁ። መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክሬ አንድ ቀን ጠበቅኩ። ከዚያ ፀሐይ ስትበርድ የቅጠሉን ጀርባ እስኪንጠባጠብ ድረስ ረጨሁ። ሳሙና የሚገድለው እርጥብ ሳለ የነካውን ብቻ ነውና የተዘለለ ክሽክሽ ይተርፋል። ውኃችሁ አረፋ እምቢ ብሎ ነጭ ፍርፋሪ ከሠራ ካልሲየም በዝቶበታል ማለት ነው፤ የዝናብ ውኃ ይሻላል።

አንድ ጊዜ ረጭቶ መተው ደግሞ አይሠራም። እንስቷ ክሽክሽ ያለ ወንድ፣ እንቁላል ሳትጥል፣ ቀጥታ ልጅ ትወልዳለች። በሞቃት ጊዜ ልጆቿ በ10 ቀን ገደማ ራሳቸው እናት ይሆናሉ። እያንዳንዷ 30 ብትወልድና ሁሉም ቢተርፉ ከአንዷ በሦስት ትውልድ 27,000 ይደርሳሉ። በበጋ ደግሞ አጥቦ የሚጥላቸው ከባድ ዝናብ የለም። ወደ ዳባትና ደባርቅ ስንወጣ ብርዱ እድገታቸውን ያዘገየዋል፤ የጎንደር ከተማ ፀሐይ ግን ትመቻቸዋለች። ስለዚህ በየ4 እና 5 ቀኑ ደጋገምኩ። ዩሪያ ማብዛትም ለስላሳ ቅጠል ስለሚያበቅል ክሽክሽን ይጋብዛል።

በሦስተኛው ዙር ከነጮቹ መካከል ያበጡ፣ ወርቃማ ቡናማ የሆኑ፣ የማይንቀሳቀሱ ክሽክሾች አየሁ። በጣም ትንሽ ተርብ ውስጣቸው እንቁላል ጥላ፣ ልጇ ከውስጥ በልታቸው ቅርፊት ብቻ የቀሩ ናቸው። ከዚያ ቅርፊት ሌላ ተርብ ትወጣለች። እነዚያን ቅጠሎች ሳልረጭ ተውኳቸው፤ ቀይ ባለጥቁር ነጥብ ጥንዚዛ ያለበትንም እንዲሁ።

ጎመኑ ለዚያ እሑድ አልደረሰም። ለሚቀጥለው ደረሰ፣ በደንብ ታጥቦ። ጠርሙሱ ግን አሁንም አለ። ሽንት ቤት ወይም አንገረብ ወንዝ ውስጥ ይደፋ እንዳንል ዓሣውም ውኃው አለ። "መርዝ" ብለን ጽፈንበት፣ የእህቴ ልጅ የማትደርስበት ሳጥን ውስጥ ቆልፈነዋል። እማዬ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ልታስረክበው ነው።