የዲጂታል ኅትመት ቅርጸት

የዲጂታል ኅትመት ቅርጸት ማለት መጽሐፍ፣ መጽሔት ወይም ጋዜጣ በኮምፒውተርና በስልክ እንዲነበብ የሚቀመጥበት የፋይል ዓይነት ነው። ማኅበራት ለአባሎቻቸው ኅትመት ሲያሰራጩ በብዛት ከሚጠቀሙባቸው ውስጥ ፒዲኤፍና ኢፐብ ይገኛሉ። ለአማርኛ ጽሑፍ ግን ከቅርጸቱ በፊት የሚታይ ነገር አለ፤ ይኸውም ፊደሉ በፋይሉ ውስጥ የተቀመጠበት ኮድ ነው።

ፊደልና ዩኒኮድ

የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፎንቶች የፊደሉን ቅርጽ በላቲን ሆሄያት ኮድ ላይ ያስቀምጡ ነበር። አንድ ፎንት ከ256 በላይ ምልክት ስለማይዝ፣ ከ300 የሚበልጡትን ሆሄያትና ምልክቶች በአንድ ላይ ማስገባት አስቸጋሪ ነበር።

የዚህ ችግር ብዙ ቋንቋ በሚነገርበት ቦታ ይጎላል። ለምሳሌ በድሬዳዋ ከተማ ሳቢያን ሰፈር የሚገኝ ማኅበር በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ መጽሔት ቢያዘጋጅ የግዕዝና የላቲን ፊደል በአንድ ገጽ ይገናኛሉ። አማርኛው በአሮጌ ፎንት ከተጻፈ ኮምፒውተሩ ሁሉንም እንደ ላቲን ይቆጥረዋል፤ ፎንቱ በሌለበት ስልክም አማርኛው ትርጉም የሌለው የላቲን ሆሄ ሆኖ ይታያል።

ፒዲኤፍ

ፒዲኤፍን አዶቢ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1993 አወጣው፤ በ2008 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ። ገጹ በየትኛውም መሣሪያ አንድ ዓይነት ሆኖ ስለሚታይ ለማተምና ገጽ ለመጥቀስ ይመቻል። በትንሽ የስልክ ስክሪን ላይ ግን አንባቢው ገጹን እያጎላ ወዲያና ወዲህ መግፋት አለበት። ፎንቱ አብሮ ሲቀመጥ በአሮጌ ፎንት የተጻፈ ፒዲኤፍም በትክክል ይታያል፤ ሆኖም የአማርኛ ቃል ሲፈለግበት አይገኝም። በስካነር የተነሣ ገጽም ሥዕል ብቻ ስለሆነ አይፈለግበትም፤ መጠኑም ይከብዳል።

ኢፐብ

ኢፐብ እ.ኤ.አ. በ2007 ደረጃ ሆኖ ጸደቀ፤ ሦስተኛው እትም በ2011 ወጣ። በውስጡ እንደ ድረ ገጽ የተጻፉ ሰነዶችን በአንድ ላይ ጨምቆ ይይዛል። ጽሑፉ እንደ ስክሪኑ ስፋት ራሱን ያስተካክላል፤ አንባቢውም ፊደሉን እንደ ዓይኑ አቅም ማሳደግ ይችላል። ጽሑፍን በድምፅ የሚያነቡ ፕሮግራሞች ለሚጠቀሙ ማየት ለተሳናቸው ሰዎችም ይመቻል። በሌላ በኩል ማንበቢያ መተግበሪያ ያስፈልገዋል፤ ሰንጠረዥና ሥዕል የበዛበት ገጽም ሊዛባበት ይችላል።

አመራረጥ

ለሚታተምና በመዝገብ ለሚቀመጥ ሰነድ ፒዲኤፍ ይመረጣል። በተለይ ለረጅም ጊዜ ማስቀመጫ ተብሎ የተዘጋጀው ፒዲኤፍ/ኤ ፎንቶቹ ሁሉ በፋይሉ ውስጥ እንዲገቡ ያስገድዳል። በስልክ ለሚነበብ ረጅም ጽሑፍ ደግሞ ኢፐብ ይሻላል። ሁለቱንም ከአንድ የዩኒኮድ ጽሑፍ ማውጣት ይቻላል።

ፋይሉ ከመሰራጨቱ በፊት አንድ የአማርኛ ቃል ፈልጎ፣ አንድ አንቀጽም ቀድቶ ሌላ ቦታ በመለጠፍ መፈተን ይቻላል። ቃሉ ካልተገኘ ወይም የተቀዳው አንቀጽ ከተበላሸ፣ ኅትመቱ ዛሬ ቢነበብም ወደፊት የሚፈልገው ሰው ላያገኘው ይችላል።